ስምንት ክንድ አቡጀዲ

መንግሥት «በክንድ መለካት ቀረ፣ ከእንግዲህ ሜትር ነው» ካለ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ወሎ ውስጥ ባለች የገበያ ከተማ፣ ሜትር የሚባለውን ነገር ዓይኑን ማየት የጠሉት ወይዘሮ ይመኙሻል ጨርቅ ነጋዴውን እንድሪስን በማለዳ ሱቁ ድረስ መጥተው ይሟገቱታል።

ይመኙሻል፦ ያንን የሜትር ብረት ወዲያ አንሳልኝ አልኩህ! ስምንት ክንድ አቡጀዲ ነው የጠየቅኩህ።

እንድሪስ፦ እኔም ነገርኩዎ እኮ እማማ፤ አራት ሜትር ነው። ሁለት ክንድ አንድ ሜትር፣ አለቀ።

ይመኙሻል፦ በማን ክንድ?

እንድሪስ፦ ይኸው መጣች የተለመደችው ጥያቄ! ያንን ሎጋ ልጅዎን አስከትለው፣ በሱ ክንድ እያስለኩ ስንት ዓመት አራቆቱኝ! ዛሬስ የታለ አስረስ? ደጅ አቆሙት?

ይመኙሻል፦ ቤት ተጋድሟል። አቡጀዲው ለሱ ነው።

እንድሪስ፦ ለሱ ማለት?

ይመኙሻል፦ ለመግነዙ። ንዳድ ሦስት ቀን አተኩሶት ጎህ ሲቀድ ወሰደብኝ።

እንድሪስ፦ ወይኔ! ምነው ምላሴን በቆረጠው! አላህ ያጽናዎት፣ እማማ።

ይመኙሻል፦ አሜን። በል ቁረጥ፤ ጉድጓዱ እየተቆፈረ ነው።

እንድሪስ፦ አራት ሜትር ለማንም ይበቃል።

ይመኙሻል፦ ለጎረቤቴ ለአሰገደች ባልም ሲሞት ይበቃል ብለህ ነበር። እግሩ ወጥቶ በነጠላዋ ጠቅልለን ቀበርነው። የኔንም ልጅ እንደዚያ ላድርገው?

እንድሪስ፦ እንግዲያው አምስት ልቁረጥ፤ ትርፉ ከኔ።

ይመኙሻል፦ በስመ አብ! ከልኩ የተረፈ መግነዝ ሌላ ሬሳ ይጠራል። ታናሹም እኮ ተኝቷል፤ እንደ እሳት ይፋጃል።

እንድሪስ፦ ታዲያ ስንት ሜትር?

ይመኙሻል፦ እኔ ሜትር ከየት አውቄ! ልጄን የማውቀው በክንዱ ነው። ጋቢውንም የፈተልኩለት በክንዱ ልክ ነው።

እንድሪስ፦ በክንድ የለካ ሱቁ ይታሸጋል። የጎረቤቴን በር አላዩም? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

ይመኙሻል፦ ንጉሥ ልክሰስ አልኩህ? ልጄን ልቅበር ነው ያልኩህ!

እንድሪስ፦ እሺ፣ አይቆጡ። ይመለሱና ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ በክር ለክተው ያምጡልኝ። ክሩን በሜትር ለክቼ ስምንት እጥፉን እቆርጣለሁ። ያኔ ማንም አይናገረኝም።

ይመኙሻል፦ ሞከርኩ እኮ! ክሩን ይዤ ከጎኑ ተንበረከክሁ። ጨብጦ ነው የሞተው፤ ጣቶቹ አልዘረጋ አሉኝ። እንዳልሰብራቸው ፈራሁ... እናቱ አይደለሁ?

እንድሪስ፦ በሩን ልዝጋ። ጣቃውን እንዳለ ተሸክሜ እከተልዎታለሁ፤ እላዩ ላይ ዘርግተን በልኩ እንቆርጠዋለን።