የመለያ ቁጥር 27 «ተመልሷል» ስለመባሉ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ ቀያሹ (ሙሉ ስም በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ)
ዕድሜ፦ 72 ዓመት
ሥራ፦ ጡረተኛ የመሬት ቀያሽ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሴት ልጁ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ኅዳር 21 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡15
ጉዳዩ፦ የተራራው መግቢያ በር ጠባቂ ስለ ተጎዳ ሰው ተነግሮት በቸልታ አልፏል በሚል የቀረበበት ክስ

ለምስክርነት የቀረብኩት በበር ጠባቂው ላይ በቀረበው ክስ ነው። የማውቀውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ እንድናገር ከመርማሪው ተነግሮኝ እንደሚከተለው ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ኅዳር 8 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በተራራው መግቢያ በር ተገኘሁ። አንደኛው በሥራ ዘመኔ የቀያሽ ቡድኔ ካቦ የነበረና አርባ አንድ ዓመት የማውቀው ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ካቦ እያልን እንጠራዋለን። እርሱም እኔን «አለቃ» ይለኛል፤ አለቅነቴ ካበቃ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ነው። ቀጭን በመሆኑና በሰው መሃል ሾልኮ ስለሚያልፍ መርፌ ይባላል። ሦስታችንም ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ እንወጣለን፤ ዳገቱን እንራመዳለን፣ ሜዳውንና ቁልቁለቱን እንሮጣለን።

በመግቢያው በር የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት በላይ ሆኖ አምስቱን ጫፎች በአንድ ቀን ዞረው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት በቡድን የተመለሱ ሰዎች ስም ይጻፍበታል። ከቡድኑ አንድ ሰው ከጎደለ የማንም ስም አይጻፍም። እኛ ሦስት ዓመት ሞክረን ሦስት ጊዜ ዘግይተናል፤ ሁለቱ በእኔ ጉልበት ምክንያት ነው። ስሜ በዚያ ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ እኔም እመኝ እንደነበር አልደብቅም።

ወደ ተራራው የሚገባ ሁሉ በመዝገብ ላይ ፈርሞ ቁጥር ያለው የቆርቆሮ መለያ ይቀበላል። ሲመለስ ፈርሞ መለያውን ያስረክባል፤ ጠባቂውም በሚስማሩ ላይ ይሰቅለዋል። ባዶ ሚስማር ካለ ተራራው ላይ የቀረ ሰው አለ ማለት ነው። የእኔ መለያ 27 ነበር። ጠባቂው ሲሰጠኝ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ቀለሙን በጥብጬ ነው የምጠብቃችሁ፤ እንዳታሳፍሩኝ» አለኝ። ካቦ ቀበል አድርጎ «አንተ ብሩሽህን እጠብ፤ የቀረውን ለእኛ ተወው» አለው።

የመጀመሪያውን ጫፍ ከጠዋቱ 1፡20፣ ሁለተኛውን 3 ሰዓት ላይ፣ ሦስተኛውን 4፡50 ላይ ወጣን። ሰዓቱን በማስታወሻዬ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከሦስተኛው ጫፍ በኋላ መርፌ እየሮጠ ጥሎን ሄደ። ካቦ ከኋላው «ክርህን እየጎተትክ ሂድ፣ ኋላ ፈልጉኝ እንዳትለን!» ብሎ ጮኸበትና ሳቅን። አራተኛውን ጫፍ ካቦና እኔ ከቀኑ 7፡40 ላይ ወጣን።

ከአራተኛው ጫፍ ስንወርድ፣ 8፡30 ላይ፣ የረገጥኩት ድንጋይ ተንከባለለና ወደቅኩ። የግራ እግሬ ቁርጭምጭሚት ተሰበረ፤ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ካቦ ጫማዬን ፈትቶ አየው፤ ፊቱ ተለወጠ። ደግፎ ሊያቆመኝ ሞከረ፣ አልሆነም። በዚያ ቦታ የሁለታችንም ስልክ አይሠራም። «እኔን ተወኝና ውረድ፤ ጠባቂውን ከነቃሬዛው ይዘህ ና» አልኩት። ከነበርንበት እስከ በሩ ያለው መንገድ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ነው። መለያዬን ከአንገቴ አውልቄ በእጁ ሰጠሁት። ይህን ያደረግኩት ጠባቂው የቀረው ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው እንዲያውቅ ብዬ ነው። መለያን ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል መሆኑ በበሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ይህን ጽሑፍ ለሌሎች ጣቴን እየቀሰርኩ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ በዚያ ሰዓት ደንቡን የጣስኩት ግን እኔው ነኝ። በዚህ ረገድ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ይመዝገብልኝ። ካቦ ጃኬቱን አልብሶኝ፣ የቀረውን ውሃ ትቶልኝ «ሁለት ሰዓት ስጠኝ፣ አለቃ። ቃሬዛ ቢጠፋ በጀርባዬ አወርድሃለሁ» ብሎ ሄደ።

ከተቀመጥኩበት በታች አራት መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ግራ የሚታጠፈው ወደ በሩ ይወርዳል፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ወደ አምስተኛው ጫፍ ይወጣል። አርባ ዓመት መሬት ስለካ የኖርኩ ነኝና በዚህ አልሳሳትም። ካቦ መንታው ላይ ሲደርስ ቆመ። የእጅ ሰዓቱን አየ። ዞሮም ወደ እኔ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ተሳስቶ መስሎኝ በሙሉ ድምፄ ተጣራሁ፤ በእጄም ግራውን አመለከትኩት። እጁን አንስቶ አውለበለበልኝና ዳገቱን ቀጠለ። ለስልኩ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይህንኑ ለራሴ ስደጋግም ነበር። 9፡35 ገደማ ጫፉ ላይ ደርሶ በወዲያኛው ወገን ቁልቁል ሲወርድ አየሁት። ይሮጥ ነበር።

10፡30 ሆነ፤ 11 ሰዓትም ሆነ፤ ማንም አልመጣም። ብርዱ ስለጸናብኝ በክርኔ እየዳህኩ ስድሳ ሜትር ያህል ወረድኩና አቅም አጥቼ ቀረሁ።

ከምሽቱ 12፡45 ላይ የባትሪ ብርሃን አየሁ። የመጣው ጠባቂው ነው፤ ብቻውን ነበር። ባየኝ ጊዜ «ጋሼ! እርስዎ እኮ ገብተዋል! ቁጥርዎ ሚስማሩ ላይ ነው ያለው!» አለ። እኔም «እንግዲያው እዚህ የተቀመጠው ማነው?» አልኩት። ሳቅ ቢጤ አመለጠው፤ ወዲያው እግሬን አይቶ አጠገቤ ተንበረከከ። ልጄ 11፡40 ላይ ወደ በሩ ስልክ ደውላ «አባቴ እስካሁን ቤት አልገባም» ብላው ኖሯል። ሚስማሮቹ በሙሉ የተሞሉ ቢሆኑም ልቡ አላርፍ ስላለው ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ሊፈልገኝ እንደወጣ ነገረኝ። አዝሎኝ ወረደ። አራት ጊዜ አረፈ፤ ባረፈ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር።

ኅዳር 11 ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ካቦና መርፌ ሆስፒታል ሊጠይቁኝ መጡ። በክፍሉ ሌላ ሰው አልነበረም። ካቦ እያለቀሰ በገዛ አፉ የነገረኝ የሚከተለውን ነው። በሩ ላይ የደረሰው 10፡50 ላይ ነው፤ መርፌ ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀው ነበር። ጠባቂው «ጋሼስ?» ብሎ ሲጠይቀው «መኪና ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። ጉልበቱን ታውቀው የለም እንዴ» ብሎ መለያዬን ከራሱ ጋር አስረከበ፤ በስሜም ፈረመ። ስማችን ከተመዘገበ በኋላ እውነቱን ሊናገር አስቦ ነበር። ጠባቂው እጁን ጨብጦ እንኳን ደስ አላችሁ ሲለው ግን አፉ ተሳሰረ። ከዚያ በመጣንበት መኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ በእግሬ እስክመጣ ጠበቀ። ጫማዬን ፈትቶ የተሰበረውን እግሬን ያየው እርሱ ነው። ስላልመጣሁ ወደ ቤቱ ሄደ።

መርፌን «አንተስ?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «መኪናው ባዶ መሆኑን አይቻለሁ። ምን በወጣኝ በሰው መሃል እገባለሁ ብዬ ነው» አለኝ።

ፖሊስ በጠየቃቸው ጊዜ ሁለቱም ለጠባቂው ነግረነዋል፣ ችላ ያለው እርሱ ነው ብለው ቃል መስጠታቸውን ያወቅኩት በዚያው ሰዓት ነው። ካቦ «እሱ ወጣት ነው፣ ሌላ ሥራ አያጣም። እኔ በሰባ ዓመቴ ልታሰር? አንተ ብቻ ‹ጠባቂውን እንዲጠራልኝ ልኬው ነበር› በልና ዝም በል። ውሸት እኮ አይደለም፣ አለቃ» አለኝ። ቀጥሎም «ያኔ ገመዱን ለቅቄብህ ነበር?» አለ። ይህን ያለበት ምክንያት አለው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የድልድይ ቦታ ስንቀይስ አፋፉ ተንዶ ገደል ላይ ተንጠልጥዬ ሳለ፣ ሰው እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ብቻውን ገመዱን ይዞኛል። መዳፉ እስከ አጥንቱ ተልጧል። «አልለቀቅከውም» አልኩት። «ታዲያ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ቀን ለማንም አለመናገሬን አምናለሁ። በእነዚህ ቀናት ጠባቂው ከሥራ ታገደ። ክሱ ከጸናበት እስራት እንደሚጠብቀውና ሁለት ትንንሽ ልጆች እንዳሉት ሰማሁ። ኅዳር 20 ቀን ቤቴ ድረስ መጥቶ ስለ እግሬ ጠየቀኝ፤ ስለ ክሱ አንድ ቃል አላነሳም። ሲወጣ ልጄ በሩን ዘግታ «አባዬ፣ እነሱ ዋሹበት፤ አንተ ደግሞ ዝም አልክበት። ልዩነቱን ንገረኝ» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት በምርኩዝ ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ።

መርማሪው የበሩን መዝገብ አቅርበው አሳይተውኛል። በቁጥር 27 አንጻር ያለው የመመለሻ ፊርማ የእኔ አይደለም። የስሜን የመጨረሻ ፊደል እንደ እኔ አርዝሞ ጽፎታል። በካርታዎቼ ሁሉ ላይ ሲያየው ስለኖረ በጣም ይመስላል፤ ባላውቅ እኔም እሳሳት ነበር። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስሜም እንዲፋቅልኝ ለተራራው አስተዳደር ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አምስተኛውን ጫፍ አልወጣሁም።

በመጨረሻ በቅጹ ላይ ባለው ጥያቄ መሠረት፣ ቃሌ ከሚነካው ሰው ከካቦ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለኝ ተጠይቄያለሁ። ዝምድና የለንም። ጠብም ኖሮን አያውቅም። አሁን በመካከላችን ያለውን ምን ብዬ እንደማስመዘግበው ስላላወቅኩ ቦታው ባዶ ይቀመጥልኝ ብዬ ነበር። መርማሪው ባዶ መተው እንደማይቻል ስለነገሩኝ «ወዳጁ ነበር» ተብሎ ይጻፍ ብያለሁ።

ከላይ የሰፈረው ማንም ሳያስገድደኝና ሳይደልለኝ የሰጠሁት ቃል ነው። መነጽሬን አድርጌ ራሴ አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ቦታ አሳርሜያለሁ። ፍርድ ቤት ብጠራም ካቦ በተቀመጠበት፣ ፊቱን እያየሁ ይህንኑ እደግመዋለሁ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፖሊስ ፊርማ ____________