ይማም የሰፉት መጋረጃ

በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የመቀሌ ነፋስ አቧራውን ከሰሜን በኩል እየነዳ ባለሱቆችን በራቸውን ባስዘጋበት አንድ ከሰዓት፣ ሚልኪያስ የሚባል መምህር የተጠቀለለ ጥቁር ጨርቅ በብብቱ ይዞ ልብስ ሰፊ ይፈልግ ነበር። ደንበኛው የነበረው ሰፊ ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር፣ ከሚያስተምርበት ግቢ አጠገብ ነው፤ ያን ዕለት ግን ለቅሶ ሄዶ ቤቱን ዘግቶታል። ስለዚህ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ሲሄድ የስፌት መኪና ድምፅ ሰማና ድምፁን ተከትሎ ገባ።

ሚልኪያስ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ የተማረ ሰው ነው። ከተመለሰ ወዲህ በሦስት ከተማ አስተምሯል፤ በአንዱም አልረጋም። ጓደኞቹ «እግሩ ጅማት እንጂ ሥር የለውም» ይሉታል። በከተማው ሰሜን ካሉት የምርጫ ጣቢያዎች የአንዱ ኃላፊ እንዲሆን ሲጠየቅ እሺ ያለው አምኖበት ሳይሆን፣ እምቢ የሚልበት ምክንያት ስላጣ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ።»

«አብሮ ይስጥልን። ይግቡ፤ በሩን መለስ ያድርጉት፣ አቧራው አብሮዎት እንዳይገባ።»

ይህን ያሉት ከመኪናው ኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋሽ ይማም ናቸው። ወሎ ተወልደው መቀሌ ያረጁ፣ በከተማው የሚኖረው የወሎ ሰው ቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሬሳውን የሚቀብርበት፣ ሐዘኑን የሚያጽናናበት ማኅበር ነው፤ ዳኛው «ይሁን» ካለ ይሆናል፣ «ይቅር» ካለ ይቀራል። ከጋሽ ይማም ጎን ሴት ልጃቸው ዙሀራ አንገቷን ደፍታ ቁልፍ ትተክላለች። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ማዶ ካለው ጠረጴዛ ደግሞ ሱቁን የሚጋራቸው፣ የቅሬው አባል የሆነው ጨርቅ ሻጩ ከድር ክንዱን ተደግፎ ያንቀላፋል።

ጋሽ ይማም ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት። «መልካም ነው። ለሐዘን ነው?»

«ለምርጫ ነው። መራጩ ድምፁን ሲሰጥ የሚከለልበት መጋረጃ እንዲሰፉልኝ ነው።»

ሽማግሌው ጨርቁን መልሰው አስቀመጡት። «ጌታዬ፣ በእኛ ዘንድ ሰው የሚጋረደው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲታጠብና ሲገነዝ። ቃሉን ግን በአደባባይ ይሰጣል። ቃሉን የሚደብቅ ሰው ወይ ፈርቷል፣ ወይ ሰርቋል።»

«የፈራውስ ሰው ድምፅ አይገባውም?»

ከድር አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ጋሼ፣ ዛሬ ደንበኛ ሳይሆን ጠበቃ ነው የመጣብዎት።»

«አንተ ተኛ!» አሉት ጋሽ ይማም፤ ከዚያም ወደ እንግዳው ዞሩ። «አይቀየሙኝ። እሰፋልዎታለሁ፤ ግን ከእኛ ወገን የሚገባበት ሰው የለም። እኔ ብቻ ነኝ የምገባው።»

«እንዴት እንዲህ ይሆናል?»

ሽማግሌው የመኪናውን መሳቢያ ከፍተው በክር የታሰሩ ብዙ የመራጭነት ካርዶች አወጡ። የቅሬው አባላት በየጣቢያው ከተመዘገቡ በኋላ እንደ ልማዳቸው አምጥተው ለዳኛቸው አስረክበዋቸዋል። ዳኛውም በዕለቱ የሁሉንም ይዘው ሄደው «የወሎ ሰው ቃል ይህ ነው» ሊሉ ቆርጠዋል። የዙሀራም ካርድ እዚያው ውስጥ ነው።

ሚልኪያስ ደነገጠ። ወጥቶ ለሚመለከተው ቢናገር ሽማግሌው በእርጅናቸው በሕግ መጠየቃቸው ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው ድምፁን ማጣቱ ነው። ቀና ሲል ዙሀራ መርፌዋን አየር ላይ ይዛ እሱን ታያለች። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጋሽ ይማም፣ እውነቱን ልንገርዎት። ካርዱን ባለቤቱ ራሱ ካልያዘው አይሠራም። ከእርስዎ ካርድ በቀር ሌላውን ይዘው ቢመጡ በዚህ ሰፈር ጣቢያ በሩ ላይ የምመልስዎት እኔው ነኝ። ያን ዕለት የወሎ ሰው በአንድ አፍ አይናገርም፤ ያለ አፍ ይቀራል።»

«ለአባት የልጁ፣ ለዳኛ የቅሬው ካርድ አይታመንምን?»

«ለማንም አይታመንም። ለእኔም አይታመንም። ይህ ነገር ለአንድ እሑድ ሲባል በችኮላ የተሰናዳ አይምሰልዎት። ምርጫ ቦርድ አገሩን በምርጫ ክልል ይከፍላል፤ ሰው ከቤቱ ሳይርቅ የሚመጣበትን ጣቢያ ያደራጃል፤ መራጩንም ተወዳዳሪውንም ይመዘግባል፤ ወረቀቱን አሳትሞ መንገድ ላለው በመኪና፣ ለሌለው በአጋሰስ ያደርሳል። በዕለቱ ማለዳ ሣጥኑ ባዶ መሆኑን ታዛቢዎች ያያሉ፤ ከዚያ ይታሸጋል። መራጩ ካርዱን ያሳያል፣ ስሙ ከመዝገቡ ይነበባል፣ ጣቱ ቀለም ይነካል፣ ወረቀቱን ይቀበላል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በአደባባይ ነው። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ብቻውን ይሄዳል። ሲመለስ እንደገና ሁሉም በአደባባይ ነው፤ ወረቀቱን በሰው ፊት ሣጥኑ ውስጥ ይከታል፣ ቆጠራው በታዛቢዎች ፊት ይካሄዳል፣ ውጤቱም በሩ ላይ ይለጠፋል።»

«ያን ሁሉ በፀሐይ ሠርታችሁ ዋናውን በጨለማ!» አሉ ጋሽ ይማም ራሳቸውን እየነቀነቁ።

በዚህ መሀል ከጎረቤት በርበሬ የምትሸጠው እማዋይሽ ዝርዝር ገንዘብ ልትለምን ገብታ ነበርና፣ ክርክሩን ስትሰማ ዝርዝሩን ረስታ በሩ ላይ ቆመች። እሷም የቅሬው አባል ናት።

ጋሽ ይማም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ ልጄ። እኛ እዚህ እንግዶች ነን። ሰዉ አክብሮ አኑሮናል፤ ውሸት አልናገርም። ግን እንግዳ ሰው ብዙ አፍ ሊኖረው አይገባም። ‹ያኛው ለእገሌ ሰጠ፣ ይህኛው ለእገሌ› የተባለ ቀን አንዳችን ከአንዳችን እንቆራረጣለን፤ የሚጠላንም ማንን እንደሚጠላ ያውቃል።»

እዚህ ላይ ሚልኪያስ የሽማግሌው ልብ የቱ ጋ እንደቆመ ተረዳ። ግትርነት አልነበረም፤ የእረኛ ሥጋት ነበር። ብዙ ጊዜ የተማረ ሰው ልማድን ሲነቅፍ ከልማዱ በታች የተቀበረውን ፍርሃት አያይም፤ ስለዚህም ይከራከራል እንጂ አያሳምንም።

«በተማርኩበት አገር ያየሁትን ልንገርዎት» አለ ረጋ ብሎ። «እዚያም ምርጫ ነበር። መጋረጃም ነበር። ግን ከክፍሉ ጥግ፣ ከሩቅ ነበር የተሰቀለው። ሰዉ ሁሉ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ እዚያው አጥፎ፣ ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ ይወጣል። ወደ መጋረጃው መሄድ አልተከለከለም፤ የሄደውን ግን የሚያይ ዓይን ነበር። ቤቷን ያከራየችኝ ሴት አንድ ጊዜ ሄደች። እዚያ ውስጥ ምን እንዳደረገች ማንም አላየም፤ መሄዷን ግን ሁሉም አየ። ልጇ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ተስፋዋን በዚያው አጣች።»

«ያረቢ!» አለች እማዋይሽ።

«ስለዚህ ጋሽ ይማም፣ መጋረጃው ለጥቂት ሰው ብቻ ሲሆን አጋላጭ ነው። ሁሉም ሲገባበት ግን ማንም አይታወቅም። የሚጠላዎት ማንን እንደሚጠላ አያውቅም፤ ወንድም ከወንድሙ የሚጣላበት ምክንያት አያገኝም። ይህ ጨርቅ ከባለአገሩ ይልቅ የሚጠቅመው እንግዳውን ነው።»

ሽማግሌው ጨርቁን እንደገና አነሡት። ከዚያ ሚልኪያስ ያልጠበቀውን ጠየቁት። «አንተ ራስህ ታምንበታለህ?»

ሚልኪያስ አዎ ቢል መዋሸቱ ነው፤ የለም ቢል ሥራውን ማፍረሱ ነው።

«በሰው ላይ ያለኝ እምነት ትንሽ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሥርዓቱን የወደድኩትም ለዚሁ ነው። እሱም ማንንም ሳያምን የተሠራ ነው። ሣጥኑ ባዶ ነው፣ እመኑኝ አይልም፤ ኑና እዩ ይላል። በትክክል ቆጥሬያለሁ አይልም፤ ፊታችሁ ልቁጠረው ይላል። እዩ የሚል ሥርዓት ቢበላሽ እንኳ የተበላሸበት ቦታ ይታያል።»

«እየው!» አለ ከድር አሁን ሙሉ በሙሉ ነቅቶ። «እንግዲያውስ እኛም እንየዋ። ጨርቁ እዚህ፣ ሰዉ እዚህ።»

«በምን ጉዳይ?» አሉ ጋሽ ይማም።

ከድር ወደ ዙሀራ አየና ዓይኑን መለሰ። ጉዳዩ ከእንግዳው በቀር በሁሉም ልብ ነበረ። ባለፈው ጁምዓ ቅሬው ተሰብስቦ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በራሷ ስም አባል ትሁን ወይስ እንደ ጥንቱ በባሏ ወንድም ስም ትቆይ የሚለውን ተነጋግሯል። ጋሽ ይማም «የጥንቱ ይጽና» ሲሉ ሁሉም «አሚን» ብሏል። አባቷ በፈረዱት ፍርድ ዙሀራ መዋጮዋን እየከፈለች ስሟ የማይጠራ ሰው ሆና ቀረች።

«አለቀ የተባለ ነገር አይነሣም» አሉ ጋሽ ይማም።

«ለሙከራ ነው፣ ጋሼ። ምን ያስፈራዎታል? ሁሉም አሚን ብሎ የለ?»

መጋረጃው ገና ጠርዙ ሳይታጠፍ በሱቁ ጥግ በገመድ ተሰቀለ። ሚልኪያስ ጉዳዩን ከከድር ከሰማ በኋላ ለእያንዳንዱ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ቁልፍ ሰጠ፤ በራሷ ስም ትሁን የሚል ነጩን፣ የጥንቱ ይጽና የሚል ጥቁሩን እንዲጥል፣ የተረፈውንም እዚያው ባለው ከረጢት እንዲከት ነገራቸው። ባዶ የክር ቆርቆሮ አንሥቶ ገልብጦ አሳያቸው። ጋሽ ይማም ግን ማሳየቱ አልበቃቸውም፤ እጃቸውን ከተው ዳሰሱት፤ ከዚያ ከመጋረጃው ኋላ ተቀመጠ።

እማዋይሽ ገባች። ከድር እየቀለደ ገባ፣ ሳይቀልድ ወጣ። ዙሀራ ስትገባ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ነበር። ጋሽ ይማም መጨረሻ ገቡ፤ ከሁሉም የዘገዩት እሳቸው ናቸው።

ሚልኪያስ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ በሁሉም ፊት ገለበጠው። አንድ ነጭ። ሌላ ነጭ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ነጭ።

መኪናዎች ወደ ውቅሮ ሲያልፉ የሱቁ የቆርቆሮ ጣሪያ ይንቀጠቀጣል። ዙሀራ ቁልፎቹን አይታ፣ ቀስ ብላ ወደ አባቷ ቀና አለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሊሸሹ ሞከሩ፤ አልቻሉም።

«ታዲያ ጋሼ፣» አለ ከድር በለሆሳስ፣ «ባለፈው ጁምዓ የፈረደው ማን ነበር?»

«ፍርሃት ነዋ» አለች እማዋይሽ። «እኔ እናንተን ፈራሁ፣ እናንተ እኔን።»

ጋሽ ይማም ቁልፎቹን በመዳፋቸው ሰበሰቡ። «ለልጄ አደላ እንዳይሉኝ ብዬ ነው» አሉ። «ሰዉ የጥንቱን ይፈልጋል ብዬ አስቤ… ዙሀራ፣ አባትሽ በአደባባይ የበደለሽን በመጋረጃ ካሰሽ።»

«አብሽር፣ አባዬ» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ሚልኪያስ አልተደሰተም፤ አፈረ እንጂ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን ምስጢሩ መገለጡን አላሰበበትም ነበር፤ በአራት ሰው መሀል መጋረጃ ቀጭን ነው። ይህንኑ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌው ግን እጃቸውን አወዛወዙ። «ተወው ልጄ። ስንት ዓመት ‹አሚን› ሲሉኝ የሕዝብ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ለካ የምሰማው የራሴኑ ድምፅ ኖሯል።»

በሚቀጥለው ጁምዓ ጋሽ ይማም ቅሬውን ሰበሰቡ። መጀመሪያ የዙሀራን ነገር እንደገና ለድምፅ አቀረቡ፤ በመጋረጃ፣ በቁልፍ። ጥቁርም ተገኘ፣ ነጩ ግን በለጠ፤ ጥቁሩን የጣለው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ካርዱን በየስሙ እየጠሩ መለሱ።

«ስሙኝ» አሉ። «እስከ ዛሬ ስለ እናንተ እናገር ነበር። ሚስት ባሏን ሳትፈራ፣ ተከራይ አከራዩን ሳይፈራ፣ እንግዳ ባለአገሩን ሳይፈራ የሚናገርበት ቦታ ቢኖር ያ ጥግ ነው። በድምፁ የመረጠ ሰው ቢከፋው የሚቀጥለውን ምርጫ ይጠብቃል እንጂ ጎረቤቱን አድፍጦ አይጠብቅም። አሸናፊውም ስንት ሰው እንዳልፈለገው በቁጥር ስለሚያውቅ አይታበይም። ቅሬ ሬሳ ያነሣል፤ ይህ ግን ለሕያዋን ነው። ካርዳችሁን ያዙ። ለማን እንደምትሰጡ ለእኔም አትንገሩኝ።»

ግንቦት ሰባት እሑድ ማለዳ በጣቢያው የተሰለፈው ሰው ግቢውን ሞልቶ ወደ መንገዱ ወጥቷል። በሩ ላይ ሰልፍ የምታስተናግደው ለተኪዳን ሽማግሌውን ስታይ «አቦይ ይማም፣ እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም! እንኳን ደህና መጡ። እርስዎ አዛውንት ነዎት፣ ወደ ፊት ይለፉ» አለቻቸው። እሳቸው ግን ተራዬን እጠብቃለሁ ብለው እምቢ አሉ። ከፊታቸው ዙሀራ ነበረች።

ሚልኪያስ ስሟን ከመዝገቡ ሲያነብ ድምፁን ከፍ አደረገ። በራሷ ስም ተጠራች። ጣቷን ቀለም ተነካች፣ ወረቀቷን ተቀበለች፣ ወደ ጥጉ ሄደች። አባቷ በሰፉት ጥቁር መጋረጃ ኋላ እግሯ ብቻ ይታያል።

በሰልፉ ውስጥ የነበረ አንድ የሚያውቃቸው ነጋዴ ወደ ጋሽ ይማም ጆሮ ጠጋ ብሎ «ልጅዎ ለማን የምትሰጥ ይመስልዎታል?» አላቸው።

ሽማግሌው ፊታቸውን ከመጋረጃው ወደ በሩ መለሱ። «ሰፊው እኔ ነኝ» አሉት። «ስፌቱን ጠይቀኝ። ከጨርቁ ወዲያ ማዶ ያለው የእኔ አይደለም።»