በሳሙና የተጠገነ ታንከር

ኧረ ይቀመጡ ጋሼ! ይቺኛዋ ወንበር ትሻላለች፣ ያቺ እግሯ ይንገዳገዳል። ዝናቡም አባራ አይደል? ጎሽ። ጭቃው ትንሽ ጠጠር ካለ ማሽኖቹ ከሰዓት ወደ ጫካ ይወጣሉ። ወገብዎትስ እንዴት አደረ? በያጅ መሆን መቼም ቀላል አይደለም፣ ጎንበስ ብሎ መዋል... እኔማ ስቶር ቁጭ ብዬ ቁልፍና ብሎን ማደል ነው፣ ምን ይደክመኛል?

ድምፄን ልቀንስ? ለምን ጋሼ? እዚህ ሻይ ቤት ያለነው እኛና እዚያ ጥግ ጀርባቸውን የሰጡን ሰው ብቻ ነን። እሳቸው እንደሆኑ ጨዋ ናቸው፣ የሰው ወሬ አይሰሙም። ደግሞስ ክፉ አላወራ! አንድ ባለሙያ ላመሰግን ነው። ማን እንደሆኑ ግን አይጠይቁኝ፣ ምስጋና ሲበዛባቸው ያፍራሉ።

ያ ባሌ የሚነዳው ግንድ ጎታች ማሽን... ይቅርታ፣ ይነዳው የነበረው። ሆዱ ጉቶ ላይ አርፎ የነዳጅ ታንከሩ ከሥር ተሰነጠቀ አይደል? ባሌ ያው ሞኝ ነው፣ "ናፍጣ እየፈሰሰ ነው፣ ታንከሩ ይቀየር" እያለ ጠዋት ማታ ይነዘንዛል። ሌላ መካኒክ ቢሆን ማሽኑን አቁሞ፣ ታንከሩን አውርዶ፣ ስንት ጣጣ! እኚህ ባለሙያ ግን ስቶር መጡና ምን ጠየቁኝ ይመስልዎታል? የልብስ ሳሙና! እኔ እጃቸውን ሊታጠቡ መስሎኝ... ንጽሕናቸው ደስ ብሎኝ አንዱን ሙሉ ሰጠኋቸው። ለካ ስንጥቁ ላይ ሊያሹት ኖሯል።

አውቃለሁ ጋሼ፣ አውቃለሁ። ሳሙና ናፍጣ ይይዛል። ጫካ መሃል የፈሰሰበት ሰው ጋራዥ እስኪደርስ ብሎ ያሸዋል፣ ይሄን ማንም ሹፌር ያውቃል። ጋራዥ ውስጥ ሆኖ፣ ቁልፉም ክሬኑም ባለበት፣ ሳሙና አሽቶ ላዩን ቢጫ ቀለም ለቅልቆ "ተጠግኗል" ማለት ግን የተለየ ተሰጥኦ ይጠይቃል። ሙያ በልብ ነው ይሉ የለ? እጃቸው ላይ ብናጣው እኮ ነው ልባቸው ውስጥ እንዳለ የገባን።

ከዚያማ ማሽኑ ጠዋት ሞልቶ ይወጣል፣ ማታ ደርቆ ይገባል። ናፍጣው የት ገባ? ማሽኑ ጫካ ለጫካ ሲንገጫገጭ ሳሙናው ይላላል፣ መሬት ጠጣዋ! ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቁ ግን እኚህ ሰው ምን አሉ? "ታንከሩን በገዛ እጄ ነው የጠገንኩት፣ ጠብታ አይወጣውም። ናፍጣ እግር የለው፣ ሹፌሩን ጠይቁት።" አቤት አነጋገር! ሌላው ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይመታል፣ እሳቸው ደግሞ ታንከሩን ፈርተው ሹፌሩን... ባሌ ሌባ ተባለ ጋሼ። በዚህ ዕድሜው። ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ልጆቹ "አባዬ፣ ዛሬም ሥራ የለም?" ሲሉት ፊቱን ያዞራል። አንጀቴን የቆረጠኝ እሱ ነው። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ይባረር አይባረር ይወሰናል።

ኧረ አልተቆጣሁም! እያመሰገንኩ አይደል እንዴ?

ርኅራኄያቸውን ደግሞ ልንገርዎት። ባሌ ታግዶ ሌላ ሹፌር ማሽኑን ይዞ ቢወጣ፣ ናፍጣው አሁንም እልም! ያኛውም ሌባ እንዳይባል አዘኑለት መሰለኝ፣ በእሁድ ምድር፣ ሰው በሌለበት መጥተው አዲስ ታንከር ገጠሙ። ማነው ለመሥሪያ ቤቱ እንዲህ የሚለፋ? ቀለም ይወዱ የለ፣ አዲሱንም ሲያሳምሩት ክዳኑ ላይ ያለችውን የአየር መግቢያ ቀዳዳ ሳይቀር ደፈኗት። ታንከሩ አየር አጥቶ ማሽኑ ዳገት መሃል ቀጥ! ክዳኑን ሲከፍቱለት እፎይ ብሎ ተነሣ አሉ። ሹፌሩ ነው እየሳቀ የነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም። ማለቴ... ትንሽ ነው የሳቅኩት።

እኔን! እኔን ጌታዬ! ትን አላቸው እኮ ጥግ ያሉትን ሰው። ሻዩ ትኩስ ነው መሰል።

እና አሮጌው ታንከርስ አይሉኝም? ይኸው ከጋራዡ ጀርባ ሁለት ግንድ ላይ ተጋድሞ ሸራ ለብሷል። ብርድ እንዳይመታው ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እርስዎን "ከምሳ በፊት ቆራርጥና ውዳቂ ብረቱ ላይ ጣልልኝ" አሉዎት ሲባል ሰማሁ። ምን አስቸኮላቸው አልልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል... እስኪያድር ከተዉት ነዋ!

እኔ ግን ለእርስዎ ሰጋሁ። ናፍጣ የነበረበት ዕቃ ውሃ ሳይሞላ እሳት ከነካው ይፈነዳል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? እና ጎማ ቀጥዬ እስከ አፉ ሞላሁልዎት። ለደህንነትዎ ብዬ ነው፣ ሌላ ሐሳብ የለኝም! ታዲያ ሳሙና ናፍጣን ቢችል ውሃን መቼ ይችላል? ቀለሙ ተነፋፍቶ ተላጠ፣ ከሥሩ አረፋ መጣ፣ ከአረፋው ኋላ ውሃው ዥው... ዕድል ሆኖ ሥራ አስኪያጁም በዚያ በኩል ሲያልፉ ደረሱ። በዋናው በር ጭቃ አለ፣ በጓሮ ይለፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ለጫማቸው አስቤ። ጫማቸውማ ራሰ። አሁንም እዚያው ቆመው የሳሙናውን ቁራጭ በእስክሪብቶ እየቆረቆሩ "ይሄን የጠገነው ማነው?" ይላሉ። እኔ ምን አውቄ? "በገዛ እጄ ነው ብሎ በእርስዎ ፊት የተናገረ ሰው ነበር" አልኳቸው እንጂ ስም አልጠራሁም። "በይ ባልሽን አስጠሪው" አሉኝ። ፂምህን ተላጭና ና ብዬ ልኬበታለሁ።

ውይ፣ ጥግ ያሉት ሰው ተነሡ። ሻያቸውን እንኳ ሳይጨርሱ... ሥራ ይሆናል፣ ሥራ መቼ ያልቃል? እንግዲያው እኔም ምርቃቴን ጮክ ብዬ ልጨርስ ጋሼ፣ ምርቃት በሹክሹክታ አይሆንም። የእኚያ የማመሰግናቸው ባለሙያ የበኩር ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ልትጀምር ነው አሉ። የአባቷ ዓይን ናት፣ ለእሷ ሲሉ የማይሆኑት የለም። ከቤት ርቃ፣ ብቻዋን፣ ሰው በማታውቅበት መሥሪያ ቤት... ያሳዝናል አይደል? እግዜር መንገዷን ያቅናላት። ክፉ አይንካት። ልፋቷን የሚያይላት፣ ስሟን በሰው ፊት የሚያነሣላት፣ ቁርጥ አባቷን የመሰለ አለቃ ይግጠማት። አሜን!