ጫማው የማይወልቅ እግር

ከሕክምና ትምህርት ቤት ሦስት ተመራማሪዎች ወረታ መጡልን። አንዱ ስለ ልብ፣ አንዱ ስለ ደም ያጠናል፤ ሦስተኛው የእንጨት እግር ይሠራል። እኔ አንድ እግሬ የተቆረጠ ነኝና ወደ ሦስተኛው ሄድሁ። ሠርቶ ገጠመልኝ፤ ያለ ምርኩዝ ተራመድሁ።

«ያምዎታል አባቴ?»

«ተመስገን፣ አያመኝም። አሁን ጫማውን አውልቅልኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ልገባበት ነው።»

ደነገጠ። እንዲያምርብኝ ብሎ ጫማውን ከእንጨቱ ጋር በምስማር መትቶታል። ባልንጀሮቹ «ይህን ሁሉ ዘመን አጥንተህ ይችን ሳትጠይቅ!» ብለው ሳቁበት። እኔ ግን ጨነቀኝ፤ ያለ እግሩ ቅዳሴ መቆም አልችል፣ ከነጫማው መግባት አልችል።

«ጫማውን ነቅለህ ጣት ጥረብልኝ» አልሁት። አምስቱንም ጠረበ።

እሑድ የደብራችን ቄስ ከበሩ ላይ ጎንበስ ብለው እግሬን አዩና «ጥፍሩን ረስቶታል» አሉ፤ «ግባ!»

ገባሁ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅም በሁለት እግሬ ቆምሁ።