በሩን ክፍት ያቆዩት ርዕሰ መምህር

መምህር ሞቱማ ደገፋ ከአባታቸው ከአቶ ደገፋ ቱሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ ጎበና፣ አባታቸው ከብት ይነዱበት ከነበረው ከሰንጋ ተራ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ በጌጃ ሰፈር በ1924 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው፣ ጭጋግ በሸፈነው ማለዳ፣ የልደታ ደወል ከሰማይ የሚወርድ ይመስላቸው እንደነበር፣ ትምህርት ቤትንም ከዚያ ድምፅ ለይተው ማሰብ እንደማይችሉ ይናገሩ ነበር።

የመምህርነት ሥልጠናቸውን ጨርሰው በየክፍለ ሀገሩ ጂኦግራፊ ካስተማሩ በኋላ፣ ከወይዘሮ ኮከቤ ጋር ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። በ1974 ዓ.ም. እዚሁ ልደታ ባለው ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሲሆኑ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ልጅ ጠዋት፣ የቸርቻሪውና የሸማኔው ልጅ ከሰዓት ይማርበት የነበረውን ፈረቃ ቀላቀሉት፤ የጌጃ ሰፈሩን ልጅ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈሩ፣ ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ በአንድ ዴስክ አስቀመጡ። ሥርዓት ለማስያዝም ሁለተኛው ደወል እንደተደወለ በሩ እንዲዘጋ አዘዙ፤ እኛ መምህራንም በደስታ ተቀበልነው።

ወጣቶች ለውትድርና ከመንገድ በሚወሰዱበት በዚያ ወቅት፣ የእናቱን ዕቃ ገበያ አድርሶ ያረፈደው ተማሪ ሚደቅሳ የተዘጋውን በር ሲያንኳኳ ቆይቶ እዚያው ደጃፉ ላይ ታፈሰ፤ ዳግምም አልተመለሰም። ማንኳኳቱ እስከ መምህራን ክፍል ይሰማ ነበር።

በማግስቱ መምህር ሞቱማ ቁልፉን ከዘበኛው ከጋሽ ቦጂያ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ጋሽ ቦጂያ «እንግዲህ በር ካልዘጋሁ ዘበኛ የተባልኩት ለምኑ ነው?» ብለው ቢቀልዱ፣ «ለሚመጡት ነዋ! አርፍዶም የመጣ መጥቷል» አሏቸው። ከበላይ አካል በሩ እንዲዘጋ በተደጋጋሚ ሲታዘዙ እምቢ በማለታቸው ከኃላፊነታቸው ተነስተው የመጻሕፍት መጋዘን እንዲጠብቁ ተደረገ። ከዚያ ሁሉ በኋላም ወደ ሚደቅሳ እናት፣ ወደ ወይዘሮ እንዳለች ቤት መሄድ አላቋረጡም፤ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ደጁን እያዩ ይቀመጡ ነበር።

በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆነው ደወል ሲሰማቸው «በሩ ተከፍቷል?» እያሉ ይጠይቁ፣ ወይዘሮ ኮከቤም እየተነሱ የቤታቸውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ያሳዩአቸው ነበር። ጥር 14 ቀን 1982 ዓ.ም. የማለዳው ብርሃን በዚያው በር ሲገባ እያዩ አረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮከቤ፣ ልጆቻቸው ትዕግሥትና ፈቃደ፣ በአንድ ዴስክ ያስቀመጧቸው ተማሪዎቻቸውና ዛሬም ከመካከላችን የተቀመጡት ወይዘሮ እንዳለች በኀዘን ቀርተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ሚደቅሳ በሕይወት ካለ ለእናቱ ይመልስልን፤ መምህር ሞቱማን ቀድሟቸው ከሆነ ግን፣ ከውስጥ ሆኖ በሩን ይክፈትላቸው። አሜን።