የሹራቡ ቀኝ እጅጌ

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ለራሴ አንድ ቃል ገብቼ ነበር፤ ከእንግዲህ ማንንም አልመክርም ብዬ። እጃችሁን ታጠቡ፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ልጆቻችሁን በጊዜ አስተኙ እያልኩ ጉሮሮዬ ደርቋል። የሰማኝ ጥቂት ነው። ያልሰማኝ ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «መምህር፣ ዛሬስ ምን ሊመክሩን ነው?» እያለ ይስቅብኛል። ስለዚህ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሱሪዬን ወገብ ላስጠብብ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ስገባ፣ ሐሳቤ ዝም ብዬ ተቀምጬ ሱሪዬን ይዤ መውጣት ብቻ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ጠባብ ክፍሏ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ በእግሯ የምትነዳት የስፌት መኪና ላይ አቀርቅራለች። አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ፤ የሰፈራችን ቶርኖ ሠራተኛ ናቸው። እንጨት እያሽከረከረ በሚያስቀርጸው በዚያ ማሽናቸው የአልጋ እግርና የደረጃ መደገፊያ ሲያወጡ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ወጣቷ ልጃቸው ናት፤ የሙያ ትምህርት ቤት ጨርሳ እዚያው ከጎናቸው ትሠራለች። አባት ጉልበታቸው ላይ ወፍራም ቡናማ ሹራብ ይዘዋል። ቀኝ እጅጌው ከክርኑ በታች ተቦጭቆ ክሩ ተንዘላዝሏል።

«ምን ነካው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ሚስማር ያዘው» አሉ ሽማግሌው።

«ሚስማር አይደለም፣ እትዬ» አለች ልጃቸው። «ቶርኖው ነው። ትናንት ጠዋት። ክሩ ባይበጠስ ኖሮ እጁንም ይዞት ይገባ ነበር።»

የሽማግሌው ፊት ቅጭም አለ። ቀኝ እጃቸውን ሹራቡ ሥር ደበቁ፤ አንጓቸው ላይ የተጋደመውን ሰንበር ግን አይቼዋለሁ።

«ይቺ ልጅ ነገር ታጋንናለች» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «እኔን የሚበቃኝ እጅጌውን ማስጠገን ነው። እሷ ግን የሥራ ጋዋን ካልተሰፋልህ ብላ እየጎተተች አመጣችኝ። በስተርጅናዬ ሐኪም ልታስመስለኝ!»

«ሐኪም ብትመስል ይሻላል፣ ሐኪም ቤት ከምትተኛ» አለች።

እዚህ ላይ የገባሁትን ቃል ረሳሁት። ስለ ማሽን ኃይል፣ ስለ ጥንቃቄ፣ ስለ አካል ጉዳት ጉሮሮዬን ጠርጌ ተናገርኩ። አሳምሬ ነው የተናገርኩት፤ ድሮ ክፍል ውስጥ እንኳ እንደዚያ አልተናገርኩም። ሽማግሌው በትሕትና እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን እርስዎ ቶርኖ ላይ ቆመው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«እኔ አርባ ዓመት ቆሜያለሁ። ይኸው አሥር ጣቶቼ» ብለው ሁለቱንም እጆች ዘረጉልኝ። «ሹራቡን ደግሞ ሟች ባለቤቴ ናት የሠራችልኝ፣ ወርክሾፑ ይበርዳል ብላ። አሥራ አንድ ዓመት ለበስኩት። ምን አደረገኝ? አሁን ይቺ ልጅ አውልቀህ ጣለው ስትለኝ ሆድ አይብሰኝም?»

አርባ ዓመት የሠራ ሰው አሥር ጣት ዘርግቶ ሲያሳይህ ምን ትለዋለህ? ድካሜ ተመልሶ መጣብኝና ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ልጅቱ ግን አልተወቻቸውም፤ ድምጿን ብቻ ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ ሹራቡን ጣለው ማን አለህ? ግን የመጀመሪያውን ሠላሳ ስምንት ዓመት ቶርኖውን ምን ነበር የሚያዞረው?»

«እግሬ ነዋ።»

«ሞተር ከገባለት ሁለት ዓመቱ ነው። ለምኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጉልበትህን እያመመህ ስታነክስ እያየሁ፣ ይህን ካልቀየርኩማ ምን ተማርኩ ብዬ። ማሽኑን ቀየርኩ፤ የለበስከውን ግን አላየሁም። ከትናንት ወዲህ ሥራ የሚባል አልሠራሁም። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ በተለወጠ ቁጥር መሮዬን ጥዬ የአንተን እጅ ነው የማየው። ደክሞኛል አባዬ። እጅህ ቢሄድ የወሰድኩብህ እኔ ነኝ።»

«ሞተርም ያው መዞር ነው» አሉ፤ እንደ ቅድሙ አፋቸውን ሞልተው ግን አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ወሬያችን ሳይሰለቻት አልቀረም። «እስቲ ሹራቡን ያቀብሉኝ ጋሼ» አለችና የተንዘላዘለውን ክር ጫፍ ከመኪናዋ መዘውር ጋር አያያዘች። «እጅጌውን ይያዙልኝ። እንዳይለቁት።»

ፔዳሉን ረገጠች። ክሩ ተጠመጠመ፣ እጅጌው ተከተለው፤ ሽማግሌው «ቆይ!» ሳይሉ ከእጃቸው ወጥቶ መዘውሩ ላይ ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን አነሳች። መኪናዋ ቆመች።

«እኔ እግሬን አነሳሁ» አለች። «የእርስዎን ሞተር ማን እግሩን ያነሳለታል?»

ሽማግሌው መዘውሩን አላዩም። ወደ ታች፣ የገዛ ቀኝ እግራቸውን ነበር የሚያዩት።

«ትናንት ሲይዘኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔም እግሬን አነሳሁ። እግሬን አንስቼ፣ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁት።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለእኔም ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰውየው ግትር ሆነው አልነበረም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያዳናቸውን እግር አምነው ነበር።

«በይ ለኪኝ» አሉ ሽማግሌው ተነሥተው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ የባለሙያ ሆነ። ልጅቱ እጅጌው አንጓው ላይ በላስቲክ ጥብቅ እንዲል ፈለገች፤ ቁልፍ ከሆነ ሞቀኝ ብሎ ይከፍተዋል፣ አውቀዋለሁ አለች። ኮሌታው የእንጨት ፍቅፋቂ ደረት ውስጥ እንዳይገባ አንገት ድረስ ይዘጋ፣ ከፊት ዚፕ ይሁን፣ የሚንጠለጠል ማሰሪያ አይኑረው። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጨርቅ አወረደች፤ አንዱ ወፍራምና ጸጉራም፣ ሌላው ቀለል ያለና ልስልስ። ሽማግሌው እጃቸውን የሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ከትተው እፍኝ ሰጋቱራ አወጡ፤ እንደ ሹራቡ ሁሉ ኪሳቸውም የእንጨት ብናኝ ሞልቶት ነበር። በሁለቱም ላይ በተን በተን አድርገው አራገፉ። ወፍራሙ ያዘው፣ ልስልሱ ጣለው።

«ይኸኛው» አሉ። «ደረቱ ላይ ለእርሳሴ ኪስ አድርጊበት።»

«የፊት ኪስ ፍቅፋቂ ነው የሚሞላው፤ ከኋላ ይሁን» አለች ልጅቱ።

«እርሳሴን ከኋላዬ ልፈልግ?»

«ከጆሮህ ላይ አውርደኸው ታውቃለህ?»

ሽማግሌው ጆሯቸውን ዳሰሱ። እርሳሱ እዚያው ነበር። ኪሱ ከኋላ ሆነ።

«ሹራቡስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ጠግኝልኝ» አሉ። «እሷ ለብርድ ነው የሠራችው። ለማሽን አላለችም።»

ከሦስት ወር በኋላ አንድ የተሰበረ የወንበር እግር ይዤ ወደ ወርክሾፓቸው ሄድኩ። የጋዋኑን ጥቅም ማንም ሳይጠይቃቸው ይዘረዝሩልኝ ጀመር፤ እኔን መሰሉኝ። ፍቅፋቂ ደረታቸውን አያሳክካቸውም፣ ሰጋቱራ ይዘው ቤት አይገቡም፣ አልጋቸው ንጹሕ ነው፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ሥራ አያቋርጡም። የጎረቤቱም ቶርኖ ሠራተኛ መጥቶ ልኩን ወስዷል። ያልነገሩኝን ጥቅም እኔው አየሁ፤ ልጅቱ ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታ፣ አንዴም ሳትዞር፣ የራሷን እንጨት ትቀርጻለች።

ሥራ ሲያበቃ ሞተሩን አጠፉ። ሽማግሌው ጋዋኑን አራግፈው ሰቀሉና በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ሹራብ አወረዱ። እጅጌው ተጠግኗል፤ የአዲሱ ክር ቀለም ትንሽ ይለያል። ልጅቱ ከኋላ ያዘችላቸው። ግራቸውን አስገቡ፣ ቀጥሎ ቀኛቸውን። ሁለቱም እጆች ከሁለቱም እጅጌዎች ጫፍ እስኪወጡ ድረስ ቆማ ጠበቀችና መብራቱን አጠፋች።