ሻምበል ይበላል

(አዳማ፣ ቅዳሜ ረፋድ። የአማርኛ መምህሩና የቴሌግራሙ የእርግብ ወዳጆች ግሩፕ አድሚን ሱራፌል በክፍሉ ደጃፍ ሸሚዙን እያጠበ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ከግሩፑ ያስወጣት አክስቱ ጥሩወርቅ፣ የወፍጮ ቤት ዱቄት ከነጠላዋ ላይ ሳይራገፍ፣ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።)

ጥሩወርቅ፦ ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም። መልሰኝ ነው ያልኩህ።

ሱራፌል፦ ነገርኩሽ እኮ አክስቴ። የወጣ ሰው የሚመለሰው በሥርዓት ነው። ማመልከቻ ይጽፋል፣ አምስት ጥያቄ ይመልሳል፣ ከዚያ እኔና ምክትሌ ተነጋግረን እንወስናለን።

ጥሩወርቅ፦ ምክትልህ ያ ኢንጂነሩ ነው? «እንጀራውን እኔ አመጣለሁ» ብሎ የጻፈብኝ?

ሱራፌል፦ እሱ ቀልዱን ነው።

ጥሩወርቅ፦ የእሱ ቀልድ ነው፤ የእኔው ነው መሃይምነት የሆነው።

ሱራፌል፦ አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ? ስምሽ «የሻምበል እናት» ነው የሚለው። ፎቶሽ ደግሞ የእርግብ ጅራት ነው።

ጥሩወርቅ፦ ብታውቅ ምን ታደርግ ነበር?

ሱራፌል፦ አስወጣሽ ነበር። ግን መጀመሪያ እደውልልሽ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ጨዋ ነህ። እህቴ በደንብ አሳድጋሃለች። የሸሚዙን አንገት ግን አላሸኸውም።

ሱራፌል፦ እያሸሁት ነው።

ጥሩወርቅ፦ እሺ፣ ጥያቄዎቹ ምንድን ናቸው? አሁን ልመልስልህና እንገላገል።

ሱራፌል፦ እዚህ አይሆንም።

ጥሩወርቅ፦ ሰው አያየንም። አንዱን ብቻ ጠይቀኝ።

ሱራፌል፦ የመጀመሪያው፣ እርግብ በሳይንሳዊ ስሟ ማን ተብላ ትጠራለች?

ጥሩወርቅ፦ ስትጠራ ትመጣለች?

ሱራፌል፦ ማን?

ጥሩወርቅ፦ እርግቧ። በዚያ ስሟ ከጣሪያ ላይ ጠርተሃት የወረደች ቀን እኔም አጠናዋለሁ። ሁለተኛው ምንድን ነው?

ሱራፌል፦ አክስቴ፣ ግሩፑን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሰው ነው የሚከታተለው። ደረጃ ካላስጠበቅንለት መንደር ይሆናል። አንዱ መጥቶ «እርግቤ እያለቀሰች ነው» ይላል። ሌላው ዶሮ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። አንቺ ደግሞ ትመጪና...

ጥሩወርቅ፦ እኔ መጥቼ ምን? ጨርሰው።

ሱራፌል፦ ተይው።

ጥሩወርቅ፦ አልተወውም። አቶ ላምቢሶ ምን እንደጻፈ አይተሃል። ሐዋሳ ድረስ እየደወልኩ ሁለት ወር ለምኜው ነው ለእርግቤ ለሻምበል ሚስት እሰጥሻለሁ ያለኝ። አንገቷ ነጭ፣ እግሯ እስከ ጣቷ ድረስ ላባ የለበሰ። ያንተን ጽሑፍ አየና «ለወጥ የምትሆን እርግብ የለኝም» አለ። በሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሰው ፊት።

ሱራፌል፦ እሱስ ያሳዝናል፤ እኔም አዝኛለሁ።

ጥሩወርቅ፦ የአዳማው መኪና ከሐዋሳ የሚነሳው በስድስት ሰዓት ነው። አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ሱራፌል፦ አራት ተኩል። እሺ፣ ይሄ ቀላል ነው። እጄን ልታጠብና ለሰውየው በግል ልደውልለት። አክስቴ ናት፣ እርግብ አትበላም እለዋለሁ። አለቀ።

ጥሩወርቅ፦ በአደባባይ አስወጥተህ በጆሮ ልትመልሰኝ ነው?

ሱራፌል፦ የምትፈልጊው እርግቧን አይደል?

ጥሩወርቅ፦ የምፈልገውን ነገርኩህ። የጻፍኩትን አንብብልኝ።

ሱራፌል፦ እጄ አረፋ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እኔ እይዝልሃለሁ። ሳታስወጣኝ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንስቼዋለሁ። ይኸውና፣ አንብብ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታነበው።

ሱራፌል፦ «ሻምበል ታሞ ነበር ላባው ረግፏል በሙቅ ውሃ በትንሽ ጨው አጠብኩት በነጭ ሽንኩርት አሸሁት ዛሬ ይበላል ለመከራችሁኝ ሁሉ አመሰግናለሁ»። ይሄውልሽ። አራት ነጥብ እንኳን የለውም።

ጥሩወርቅ፦ አራት ነጥቡ ስልኬ ላይ የት እንደተደበቀ አሳየኝና በየቃሉ መሃል አደርግልሃለሁ። አሁን ከምስጋናው በፊት ያለውን ድገምልኝ።

ሱራፌል፦ «ዛሬ ይበላል።»

ጥሩወርቅ፦ እንደሱ አይደለም የጻፍኩት።

ሱራፌል፦ እንዴት እንደሱ አይደለም? ፊደሉ ይኸው ነው። ይ፣ በ፣ ላ፣ ል።

ጥሩወርቅ፦ አንተ ስታነበው ጥርስህን ነክሰህ ነው። «በ» ላይ ቆመህባታል። እኔ አልቆምኩባትም፤ ቀስ ብዬ ነው ያለፍኳት።

ሱራፌል፦ ቀስ ብለሽ ስትይ...

ጥሩወርቅ፦ አራት ቀን እህል ሳይቀምስ ከርሞ፣ ሐሙስ ጠዋት ማሽላ በተንኩለት። ለቀመ። ሻምበል ምን ያደርጋል?

ሱራፌል፦ ይበላል።

ጥሩወርቅ፦ አሁን አነበብከው።

ሱራፌል፦ ይበላል... ይበላል።

ጥሩወርቅ፦ ውሃው እየቀዘቀዘብህ ነው።

ሱራፌል፦ ቆይ። ቆይ አክስቴ። ሲላላ ራሱ በላ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ተበላ ይሆናል። ይሄን እኔ... ይሄን እኔ ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ልጆቹ ይገባቸዋል?

ሱራፌል፦ በጥያቄ አውጥቼው አውቃለሁ። «ዋና» እና «ገና» ምሳሌ ሆነው።

ጥሩወርቅ፦ እንግዲህ በሚቀጥለው ሻምበልን ጨምርላቸው።

ሱራፌል፦ ግን አንቺም ብታስቢው። ላባው ረገፈ፣ ሙቅ ውሃ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ በኋላ ያንን ቃል ሰው እንዴት አድርጎ ያንብበው?

ጥሩወርቅ፦ ሽንኩርቱ ለቅማሉ ነው። ጨውም ለቁስሉ። ካልገባህ «የሻምበል እናት፣ ምን ማለትሽ ነው?» ትላለህ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሲስቅ ቆጥሬያለሁ። አንድም የጠየቀኝ የለም። አንዱ «ቃሪያስ?» አለ። አንዱ «ስንት ሰው ያጠግባል?» አለ።

ሱራፌል፦ «መብላት ጀመረ» ብትይ ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጥሩወርቅ፦ በአንድ ጣት ነው የምጽፈው፣ ሱራፌል። አንድ ቃል ካለኝ ሁለት አላወጣም።

ሱራፌል፦ እውነትሽን ነው። ይቅርታ። ይበቃል?

ጥሩወርቅ፦ እዚህ ደጃፍህ ላይ ይበቃል። እዚያስ? ቆይ፣ የአንተንም ላንብብልህ። «እንዲህ ያለውን መሃይምነት ግሩፓችን አይታገሥም።» ቀጥሎ ደግሞ፣ ከላይ በሰቀልካት ማስታወቂያ፣ «ከዛሬ ጀምሮ መሐይም አይገባም።» እንግዲህ እኔ በምሽት ነው ፊደል የቆጠርኩት፣ አላውቅም። አንዱን በሃሌታው ሀ ጻፍከው፣ አንዱን በሐመሩ ሐ። የትኛዋ ነኝ እኔ?

ሱራፌል፦ ተቻኩዬ ነው።

ጥሩወርቅ፦ በሐመሩ የተጻፈው ሌላ ሰው ከሆነ ልፈልገው ብዬ እኮ ነው። አብረን ተባረናል።

ሱራፌል፦ የቁልፍ ሰሌዳው በራሱ ይቀይረዋል።

ጥሩወርቅ፦ የእኔ ግን ምንም አይቀይርልኝም። ሦስተኛ ክፍል ሳለህ ከወንጂ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ታስታውሳለህ?

ሱራፌል፦ አላስታውስም፤ እንድታስታውሺኝም አልፈልግም።

ጥሩወርቅ፦ «የተከበብሽ አክስቴ ጥሩወርቅ» ብለህ ነው የጀመርከው። ማን እንደከበበኝ በመስኮት አየሁ እንጂ ለጎረቤት አላስነበብኩም።

ሱራፌል፦ እሺ፣ አሸንፈሻል። ምን ላድርግ?

ጥሩወርቅ፦ ጻፍ።

ሱራፌል፦ እጄ...

ጥሩወርቅ፦ አረፋ ነው፤ አያለሁ። አንተ ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስልክህ ይኸው፣ አውራ ጣትህን በሱሪህ ጥረግና አስነካት። እንዲያ። ጎሽ።

ሱራፌል፦ ከእኔ ስልክ ላይ አንቺ ልትጽፊ?

ጥሩወርቅ፦ አሁን አድሚኑ እኔ ነኝ ማለት ነው? አይመስለኝም። ጣትህ ብቻ ነኝ። ቀጥል።

ሱራፌል፦ «ክቡራትና ክቡራን የግሩፑ አባላት፣ ከትናንት ወዲያ በአንድ አባል ጽሑፍ ዙሪያ መጠነኛ አለመግባባት ተፈጥሯል...»

ጥሩወርቅ፦ «አለመግባባት» ስንት ባ አለው?

ሱራፌል፦ ሁለት።

ጥሩወርቅ፦ ማን ፈጠረው?

ሱራፌል፦ ባውን?

ጥሩወርቅ፦ አለመግባባቱን። «ተፈጥሯል» አልከኝ። ፈጣሪው ይታወቃል፣ ለምን አንጽፈውም?

ሱራፌል፦ በመግለጫ እንደዚህ ነው የሚጻፈው፣ አክስቴ። የተለመደ አነጋገር ነው።

ጥሩወርቅ፦ እኔ እኮ ስትጽፍብኝ በተለመደ አነጋገር «አንድ አባል ተባርሯል» አላልክም። ስሜን ነው የጻፍከው። «አለመግባባት»ን አጥፍቼዋለሁ። ሌላ በል።

ሱራፌል፦ እንዴት አጠፋሽው?

ጥሩወርቅ፦ ይቺ ቀስት ያላት ቁልፍ። ይቺን በደንብ ነው የማውቃት።

ሱራፌል፦ እሺ። «የሻምበል እናት የጻፉት፣ እርግባቸው ከሕመሙ አገግሞ ምግብ መብላት መጀመሩን ነው።»

ጥሩወርቅ፦ አንቱ አልከኝ?

ሱራፌል፦ እንደ አድሚን ስናገር አንቱ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እንደ አድሚን ስትሰድብ ግን አንቺ ነበርኩ። ይሁን፣ ደስ ብሎኛል። «መጀመሩን ነው።» ከዚያስ?

ሱራፌል፦ «አንዳንድ አባላት ቃሉን በማጥበቅ በማንበባቸው...»

ጥሩወርቅ፦ አንዳንድ አባላት ስንት ናቸው?

ሱራፌል፦ አክስቴ።

ጥሩወርቅ፦ መጀመሪያ ያነበበው ማን ነው? ለሌላው ያነበበለትስ? እነሱ አንተ መምህር ነህ ብለው ነው ተከትለውህ የሳቁት።

ሱራፌል፦ እንደዚያ ከጻፍኩ ሰኞ ክፍል አልገባም። ከተማሪዎቼ አሥራ አምስቱ ግሩፑ ውስጥ ናቸው።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ደግሞ ዓርብ ወፍጮ ቤት ገብቻለሁ። ጤፍ ያመጡት ሁለቱ ሴቶች አይተውታል። አንዷ «ዛሬ ምሳ ምንድን ነው?» አለችኝ። ፈጨሁላት፣ ወሰደች። አልሞትኩም። አንተም አትሞትም።

ሱራፌል፦ ...«አሳስቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

ጥሩወርቅ፦ እኔ... ነኝ። ጻፍኩ። «የአማርኛ መምህሩ» የሚለውን ጨምሬበታለሁ።

ሱራፌል፦ ለምን?

ጥሩወርቅ፦ ክብደት እንዲኖረው።

ሱራፌል፦ አጥፊው።

ጥሩወርቅ፦ ቀስቷን አጣኋት።

ሱራፌል፦ አሁን ታውቂያት አልነበር?

ጥሩወርቅ፦ ተደበቀች። ስለዚያች ቃልስ ምን እንበል?

ሱራፌል፦ የትኛዋ ቃል?

ጥሩወርቅ፦ በሁለት ሀ የጻፍካት።

ሱራፌል፦ «የተናገርኩትን ቃል አንስቻለሁ። የሻምበል እናት ይቅርታ ያድርጉልኝ።» አራት ነጥብ።

ጥሩወርቅ፦ የት ነው ያለው?

ሱራፌል፦ ከታች፣ በቀኝ በኩል፣ ተጭነሽ ቆዪ። አዎ፣ እሷ ናት።

ጥሩወርቅ፦ እዚህ ነው ለካ የምትኖረው። አሁን እኔን የሚመልሰው የቱ ነው?

ሱራፌል፦ «አባል ጨምር» የሚለው። ማመልከቻው ይቅር።

ጥሩወርቅ፦ ገባሁ። ያቺን የሰቀልካትን ማስታወቂያም አወረድኳት፤ አጠገቡ ነበረች። አሁን ልላከው?

ሱራፌል፦ አንዴ መልሰሽ አንብቢልኝ።

ጥሩወርቅ፦ ልኬዋለሁ።

ሱራፌል፦ እንግዲህ በቃ። ምን እያሉ ነው?

ጥሩወርቅ፦ አሥራ ሁለት ሰው ስቋል። አሥራ ዘጠኝ። ኢንጂነሩም ስቋል፤ እሱ ሲስቅ አይመርጥም። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ብሏል።

ሱራፌል፦ ማነው ስሙ?

ጥሩወርቅ፦ አልነግርህም፤ ፈተና ላይ ትቀንስበታለህ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ የሻምበልን ፎቶ ላኪልኝ ትላለች። የሷንም እርግብ ቅማል ይዞባታል፤ ሽንኩርቱን ስንት ቀን ነው ያሸሽው አለችኝ።

ሱራፌል፦ አቶ ላምቢሶስ? አይቶታል?

ጥሩወርቅ፦ አይቶ አውራ ጣት አድርጓል።

ሱራፌል፦ አምስት ሰዓት አልፏል። እጄን ልለቅለቅና ልደውልለት። መኪናው ሳይነሳ እርግቧን እንዲጭናት ልንገረው።

ጥሩወርቅ፦ ተወው፣ አትድከም። ትናንት ጠዋት ራሴ ደውዬለታለሁ። በድምፅ ሲሰማው ወዲያው ገባው፤ እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። በትናንቱ መኪና ላካት፣ ሌሊቱን ሻምበል ጎን ነው ያደረችው።

ሱራፌል፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ያስጻፍሽኝ ለምንድን ነው?

ጥሩወርቅ፦ እርግቧ ለሻምበል ናት። ይሄኛው የእኔ ነው።